ዘንድሮ "በሞቴ" አትበሉኝ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!

ውድ ወዳጆቼ፣ በያላችሁበት እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾማችሁ ለገደፋችሁ፣ ሕመም ከልክሏችሁ ላልጾማችሁ፣ በዓሉ የእናንተ ባይሆንም በጉርብትና ደስታውን ለምትካፈሉን ሁሉ መልካም በዓል ይሁንላችሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ዶሮው ወጥቷል፣ ድፎው ተቆርሷል። ብርዱም እንደ ልማዱ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ከትከሻ አይወርድም።

ሌላ ጊዜ የበዓል መልእክቴ አጭር ነበር። አንድ ፎቶ፣ ሁለት መስመር ምኞት፣ አለቀ። ዘንድሮ ግን ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። በድራማ ተዋናይነቴ የምታውቁኝ እኔ፣ ባለፈው በሰጠሁት ቃለ መጠይቅ የአልኮል ሱሰኛ እንደነበርኩና ሕክምና ላይ እንደሆንኩ ተናግሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጽፎልኛል። አንዳንዱ ስለ ራሱ፣ አንዳንዷ ስለ ባሏ፣ ሌላው ስለ ወንድሙ፣ ስለ እናቱ። ከሁሉም የተደጋገመው ጥያቄ "በዓል ሲመጣ እንዴት ትሆኛለሽ?" የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገሩ የገባው ነው። ጠጥቶ ለተወ ሰው ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው የበዓል ሰሞን ነው። ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው።

እኛ የሰሜን ሸዋ ልጆች መጠጥን የምናውቀው ገና ቤታችን ሳለን ነው። የገብስ አገር ሰዎች ነን። ገብሱ ቆሎ ይሆናል፣ በሶ ይሆናል፣ ብቅል ይሆናል። ብቅሉ ከጌሾ ጋር ተጠንስሶ ጠላ ይሆናል። አረቄም ይወጣዋል። የደብረ ብርሃን አረቄ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የተጠራ ነው።

አክስቴ ልጆቿን ያሳደገችው አረቄ አውጥታ ነው። ጓሮዋ ባለችው ጭስ የጠገበች ማድ ቤት ድፍድፉን ትጥዳለች። እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ክዳኑን ዙሪያውን ትመርገዋለች። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ይገባና ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ሲሞቅ ቶሎ መቀየር አለበት፤ ካልተቀየረ አረቄው ይባክናል። ያ ሥራ የኔ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ ውሃ እቀይራለሁ። ሁለት ጊዜ የወጣውን "ዳግም" እንለዋለን። ዳግም አረቄ ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ንጹሕ አልኮል ነው። ቢራ ከመቶ አምስት ገደማ መሆኑን ስታስቡ ልዩነቱ ይገባችኋል።

አክስቴን ልወቅስ አይደለም ይህን ያነሳሁት። ደብተሬ የተገዛው፣ ጫማዬ የተገዛው ከዚያች ጠብታ ነው። በሰሜን ሸዋ ባል የሞተባት፣ መሬት የሌላት፣ ልጆቿን ብቻዋን የያዘች ስንት ሴት በጠላና በአረቄ ቤቷን እንዳቆመች ታውቃላችሁ። ስለ መጠጥ ስንናገር እነዚህን እናቶች አብረን የምናዋርድ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

"ለብርዱ ነው" የምንላት ነገር ግን ትቅር። አረቄ ሲጠጣ የሚሞቀን ደማችን ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው። ላያችን ይሞቃል፣ ሰውነታችን ግን ሙቀቱን ወደ ውጭ እያፈሰሰ ነው። ሐኪሜ ይህን ስትነግረኝ፣ በልጅነቴ ሌሊት መንገድ ዳር ወድቀው አድረው በዚያው የቀሩ ሰዎች ፊታቸው መጣብኝ። ሁሉም "ለብርዱ" ብለው የጠጡ ነበሩ።

አሁን ስለ ጾሙ። ብዙዎቻችሁ "ዓቢይ ጾምን ሙሉውን አልጠጣም፤ ስለዚህ ችግር የለብኝም" ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። አውቀዋለሁ ይህን ንግግር። እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ። ጾም ሲገባ ቀጥ አደርጋለሁ። እናቴ ደስ ይላታል፣ ጓደኞቼ ያደንቁኛል። ሆሳዕና ሲደርስ ግን ሐሳቤ ሁሉ የፋሲካ ሌሊት ላይ ነው። ስቅለት ቀን እሰግዳለሁ፤ ልቤ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማን ቤት እንደምንሄድ፣ ምን ጠርሙስ እንደሚከፈት ያሰላል። ፋሲካ ይመጣል። ዳግም ትንሣኤ ሲደርስ እኔ የለሁም። ሳምንቱ የት እንደገባ አላውቅም።

ሐኪሜ ዘንድ ስሄድ ይህንኑ በኩራት ነገርኳት። "ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ ማቆም እችላለሁ" አልኳት። እሷ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። "የመጀመሪያውን ከጠጣሽ በኋላስ ማቆም ትችያለሽ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እናንተም በዚህ ሳምንት ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ካለ ይህ ይሁን። ጾሙ መልስ አይሰጣችሁም። ፋሲካው ነው የሚሰጣችሁ።

ስለ ዝና ጠይቃችሁኛል። "ስም፣ ገንዘብ፣ ፍቅር፣ ሁሉ እያለሽ ምን ጎደለሽ?" ብላችሁ። በቅንነት እንደጠየቃችሁኝ በቅንነት ልመልስ።

የተወንኩበት ድራማ ሰው እጅ ሲገባ ስሜ ጠፋ። ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ በገጸ ባሕሪዬ ስም መጠራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ደስ ይላል። እየቆየ ግን ሰዉ የሚያቅፈው እኔን ይሁን እሷን ግራ ይገባል። እሷ ደፋር ናት፣ ቀልደኛ ናት፣ አትደክምም። ሰው ፊት ስወጣ እሷን መሆን አለብኝ። ሁለት መለኪያ ስጠጣ እሷን መሆን ቀላል ነበር። እንዲህ ነው የተጀመረው። ሐዘን አይደለም ያስጀመረኝ፣ የልብ ስብራትም አይደለም። ሰው የወደደውን ፊት ይዤ ለመቆየት ነው።

ዝነኛ ሰው ደግሞ ሒሳብ አይከፍልም። የፊልም ምረቃ አለ፣ ግብዣ አለ። ከማታውቁት ጠረጴዛ ጠርሙስ ይላክላችኋል። እምቢ ካላችሁ "ተኮፈሰች" ነው። ከጠጣችሁ "ሰው ወዳድ ናት፣ አትኮራም" ትባላላችሁ። በዓል ሲሆን የባሰ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ከዚያ በፊት ግን የፋሲካ ልዩ ዝግጅት ያለ ቢራ ስፖንሰር አይታሰብም ነበር። "ክርስቶስ ተነሣ" ብለን ሳንጨርስ ጠርሙስ ይነሣል። በእነዚያ መድረኮች ላይ ስንስቅ ታዩን ከነበርነው ሰዎች፣ አንዳንዶቻችን ከካሜራው ኋላ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ አዋጅ ሲወጣ ገቢያቸው የተነካባቸው የሙያ አጋሮቼ አዝነዋል፤ ሐዘናቸው ይገባኛል። እኔ ግን ስለ አዋጁ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ሌላው ነገር፣ ማንም አይቆጣችሁም። የሰፈር ልጅ ብትሰክር ጎረቤት ይቆጣታል፣ እናቷ ትጠራለች፣ አንድ ጎልማሳ እጇን ይዞ ቤቷ ያደርሳታል። ታዋቂ ሰው ስትሰክር ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻታል። ቀረጻ አርፍጄ ስመጣ "አርቲስት ናት፣ ያዛት" ይባልልኛል። ሴት ስለሆንኩ ደግሞ አብዛኛውን የምጠጣው ብቻዬን፣ ቤቴ በሬን ዘግቼ ነበር። ወንድ ሲሰክር "ጠጪ ነው" ተብሎ ያልፋል። ለሴት የሚወጣው ስም ሌላ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ሴቷ ትደበቃለች። የተደበቀን ሰው ደግሞ ማን ያክመዋል?

ያወቀችብኝ ሜካፕ የምትሠራልኝ ልጅ ነበረች። ከዓይኔ ሥር ያበጠውን በየጠዋቱ ትሸፍንልኛለች። አንድ ቀን ብሩሹን አስቀመጠች። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና "እትዬ፣ ዛሬ ልሸፍነው ወይስ እናውራ?" አለችኝ። ቀረጻው እየጠበቀን ነው። እሷ ግን አልቸኮለችም። ሥራዋን ልታጣበት የምትችለውን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ይህን እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለማቆም ስወስን መጀመሪያ የታየኝ ጸበል ነው። የት እንደምሄድም አውቅ ነበር፤ ጻድቃኔ ማርያም። ልጅ ሆኜ እናቴ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ነገ ሱባኤ ልገባ ነው አልኳቸው። "በቀን ምን ያህል ትጠጫለሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥለው "መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። መድኃኒትሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። እመቤታችን ትጠብቅሻለች" አሉኝ።

እኒህ አባት ሕይወቴን አትርፈዋል ብል ማጋነን አይደለም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ባንድ ቀን ቀጥ ሲያደርግ ሰውነቱ ይደነግጣል። በመጀመሪያው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል። በሁለተኛው ቀን እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የሌለ ነገር ማየት፣ የት እንዳለ መርሳት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ሕክምና ካላገኘ ሊሞትም ይችላል። በየገዳሙ "ሰይጣን ጣለው" ተብለው የተወሰዱ ስንቶቹ በዚህ የተያዙ እንደሆኑ እግዚአብሔር ይወቅ። ሕክምናው አለ። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ የዳያዜፓም ዓይነት መድኃኒት እየተቀነሰ ተሰጠኝ፤ አንጎልን ከጉዳት የሚጠብቅ ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ወሰድኩ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለላችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል በር መግባት ማፈሪያ እንዳይመስላችሁ። እኔ በዚያ በር ገብቼ ነው እናቴ ቤት ተቀምጬ የምጽፍላችሁ።

ጸበሉንና መድኃኒቱን የሚያጣሉ ሰዎች አሉ። የኤችአይቪ ታማሚዎች እንጦጦ ማርያም ጸበል ሄደው መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ፓትርያርኩ ያሉትን እኛ ለምን እናጠብበዋለን?

ከሆስፒታል ስወጣ ጻድቃኔ ማርያም ሄድኩ። በሰላ ድንጋይ በኩል ነው መንገዱ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰዉ ብዙ ነው። ለጸበል ተሰልፈን ሳለ አንዳንዶች አወቁኝ። መንሾካሾክ ተጀመረ። አንድ ልጅ ወደ ፊት እንዳልፍ ቦታ ለቀቀልኝ። እግሬን ላነሳ ስል ከፊቴ ያሉ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ዞር አሉና "ልጄ፣ ሁላችንም ታመን ነው የመጣነው። ተራሽን ጠብቂ" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ተራዬን ጠበቅሁ። ስንት ጊዜ ተሸልሜያለሁ፣ ስንት ጊዜ ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ ሰልፍ ያረፍኩበት ቦታ ግን አላስታውስም። ዳቤያቸውን ቆርሰው ሰጡኝ። ምን እንደምሠራ አልጠየቁኝም።

እምነቴ ያኔ ሙሉ ነበር አልልም። እየጸለይኩ እጠራጠር ነበር። "ይኼም ያልፍና ለፋሲካ እመለስበታለሁ" እል ነበር። ነገ ማዕዶት ነው፣ ማክሰኞ ቶማስ። ቤተ ክርስቲያናችን ከትንሣኤው ሳምንት አንዱን ቀን ለዚያ ለተጠራጠረው ሐዋርያ መስጠቷ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ጌታ የተጠራጠረውን አላባረረውም። ጎኑን አሳየው።

ረቡዕ ደግሞ አልዓዛር ይታሰባል። ከመላው ወንጌል ልቤ ላይ የቀረው እሱ ነው። አራት ቀን መቃብር ውስጥ የቆየ ሰው ነው። ጌታ ጠራውና ወጣ። ሲወጣ ግን እጅና እግሩ በመግነዝ እንደታሰረ ነው፣ ፊቱም በጨርቅ ተጠምጥሟል። ሙት ያስነሣ ጌታ መግነዙን በቃሉ መፍታት አያቅተውም ነበር። እሱ ግን ዙሪያውን ለቆሙት ሰዎች ነው ያዘዘው። "ፍቱትና ይሂድ ተዉት" አላቸው።

እኔን ያስነሣኝ እግዚአብሔር ነው። ይህን ማንም አይወስድብኝም። መግነዙን የፈቱልኝ ግን ሰዎች ናቸው። ብሩሿን ያስቀመጠችው ልጅ፣ የንስሐ አባቴ፣ ሐኪሜ፣ እኒያ እናት። በዚህ በዓል ከእናንተ የምለምነውም ይህንን ነው። ዙሪያችሁ የተነሣ ሰው አለ። መግነዙን አታጥብቁበት፤ ፍቱት።

እንዴት? በተለይ አንድ ነገር አለ። አገራችን እንግዳ ወዳድ ናት። ፍቅራችንን የምንገልጸው አብልተን አጠጥተን ነው። እምቢ ያለ ሰው ሲገጥመን "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን"፣ "ለበዓሉ እንኳ ቅመሽ"፣ "አንድ ምን ታደርግሻለች?" እንላለን። ይህ ጉርሻ ላይ ያምራል። መጠጥ ላይ ግን ለአንዳንዱ ሰው ሞቱ ነው። ቃል በቃል። "አልጠጣም" ያላችሁን ሰው አንድ ጊዜ ጠይቁት፣ አይሆንም ካለ ተዉት። ምክንያቱን አታውጣጡት። "አርግዘሽ ነው?"፣ "መድኃኒት ጀመርክ?"፣ "ጴንጤ ሆንሽ እንዴ?" አትበሉ። በሰው መሐል "እሷ እኮ ትታለች፣ ጎበዝ!" ብላችሁም አታጨብጭቡላት። ቤቱ ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር ምን እንደሚሰማት እኔ አውቃለሁ።

ሌላ የሚጠጣ ነገር አዘጋጁ። ውሃ ብቻ አይሁን፣ በዓል ነውና። ተልባ አለ፣ አብሽ አለ፤ ለጾም መግደፊያ ሆድ የሚያለሰልሱ እናቶቻችን የሚያውቋቸው ናቸው። ብርዝ አለ። ብርዝ ግን የዕለቱ ይሁን፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ያኔ ብርዝነቱ ቀረ። መሸት ሲል "ልሂድ" ካለም ሸኙት። በር ላይ አትያዙት። ምሽቱ በገፋ ቁጥር ለእሱ ይከብደዋል።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። እኔን በሕፃንነቴ ያቀፉኝ ሰው ናቸው። እንደ ልማዳቸው አረቄያቸውን ይዘው፣ ለእናቴ ቀድተው ወደ እኔ ዞሩ። "በሞቴ፣ ለዓመት በዓል ነው፣ አንዷን!" አሉኝ። በፍቅር ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "የሷ እዚህ አለ" ብላ ብርዙን በኩባያ ሰጠችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጋሼ አዩኝ። መለኪያዋን መሶቡ አጠገብ አስቀመጡና "እንግዲያው ለኔም ከሷው ቅጂልኝ" አሉ። እናቴ ለሳቸውም ቀዳች። ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ልጆቻቸው አወራን። ሌላ ነገር አልተነሳም።

አክስቴም ዘንድሮ ማድ ቤቷን ግማሹን እንጀራ መጋገሪያ አድርጋዋለች። ለኔ ብላ አይደለም፣ ጭሱ ዓይኗን አሞት ነው። እንጀራውን ለሆቴሎች ታስረክባለች። እንዲህ ያለ ሥራ ለሌሎቹም እናቶች ቢገኝ ስንቱ ቤት እንደሚለወጥ ሳስብ እውላለሁ። ገንዘቡም ጉልበቱም ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ ከበዓሉ በኋላ በዚህ ጉዳይ እንነጋገር። የምሬን ነው።

በዓሉን ሆስፒታል አልጋ ላይ ለምታሳልፉ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ሌሊቱን ሳይተኙ ለሚንከባከቧችሁ ነርሶችም እንኳን አደረሳቸው። ባላችሁ ወይም ልጃችሁ ሰክሮ እስኪመጣ በር እያያችሁ የምታመሹ እናቶች፣ እንኳን አደረሳችሁ። ትናንት ሌሊት ጠጥታችሁ ዛሬ አፍራችሁ ይህን የምታነቡ፣ ለእናንተም እንኳን አደረሳችሁ፤ አንድ ሰው ይዛችሁ ጤና ተቋም ሂዱ። በአረብ አገር በሰው ቤት ሥራ ላይ ሆናችሁ ፋሲካን በስልክ የምታከብሩ እህቶቼ፣ እናንተንም አልረሳኋችሁም።

ለጻፋችሁልኝ ሁሉ ከረቡዕ ጀምሮ መልስ እሰጣለሁ። አሁን እናቴ ለሁለተኛው ዙር ቡና እየጠራችኝ ነው።